«ይሄ የ2016 ነው፣ አርጅቷል»፦ የአንድ መኪና ቁልፍ የባትሪ ቅያሪ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ይመዝገብ?

የመኪና ቁልፍ ባትሪ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። እዚህ የምጽፈው ግን መኪና በገመድ ያስጎተተ፣ መካኒክ ያስጠራ፣ ለጥቂት የነዳጅ ፓምፕ ሳያስቀይር የቀረ የባትሪ ቅያሪ ነው። በጉዳዩ ውስጥ ያለፉት ሰዎች ሁሉ በየሙያቸው ጎበዞች ናቸው። ሁሉም ያየውን አይቶ ምክንያታዊ ውሳኔ ነው የወሰነው። መኪናው ግን አልነሳም። እኔ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ስለምሠራ መጨረሻ ላይ ተጠርቼ ገባሁበት።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ለትምህርቱም አያስፈልግም።

መኪናውና ቁልፉ

ባለመኪናዋ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የሂሳብ ሠራተኛ ናት። መኪናዋ ያገለገለ ሆኖ ከአውሮፓ የገባ ቶዮታ ያሪስ ነው፤ ማርሹ ማንዋል። ስትገዛው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የተሰጣት። ይሄ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ገዢ ጎማ ይመታል፣ ኮፈን ያስከፍታል፣ ሊብሬ ያገላብጣል። «ሁለተኛው ቁልፍ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ቁልፉ የብረት ምላስ ያለው ነው። ጭንቅላቱ ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን ላዩ ላይ ሁለት መጫኛዎች አሉት፤ አንዱ በር ይከፍታል፣ አንዱ ይቆልፋል። መኪናው የሚነሳው ምላሱ ገብቶ ሲዞር ነው። በጣት ተጭነው የሚያስነሱት ዓይነት አይደለም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ እንዴት ጀመረ

መጀመሪያ የደከመው ሪሞቱ ነው። ድሮ ከፎቅ ሆና በረንዳዋ ላይ ቆማ ትቆልፍበት ነበር። እየቆየ መኪናው አጠገብ ካልደረሰች አልታዘዝ አለ። ቀጥሎ ሁለት ሦስቴ መጫን መጣ። ቁልፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራትም ፈዘዘች። ይህ ሁሉ የባትሪ ማለቅ ምልክት ነው፤ እሷም የገመተችው እሱኑ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ መኪናው አንድም ቀን አልነሳም ብሎ አያውቅም።

ከመሥሪያ ቤቷ አጠገብ ወዳሉ አንድ አረጋዊ ሰዓት ሠሪ ሄደች። ምርጫዋ ጥሩ ነበር። ሰዓት ሠሪ ቀጭን ካቻቪቴ አለው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላቸው ባትሪዎችም ከእሱ አይጠፉም። ሰውየው በስስ ቢላ የፕላስቲኩን ስፌት ተከትለው ከፈቱት። ቁልፉ ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ከውስጡ ያወጡትን ባትሪ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ፤ ሲአር2016 ይላል።

«ልጄ፣ ይሄ የ2016 ነው፣ አርጅቷል። እኔ ጋ የ2025 አለ» አሏት።

እሷም ነገሩ ልክ መሰላት። 2016ን በእኛ አቆጣጠር፣ 2025ን ደግሞ በፈረንጆቹ ወስዳ አስታረቀቻቸው። «እሺ ጋሼ፣ አዲሱን ያድርጉልኝ» አለች።

ቁጥሩ ግን ዓመት አይደለም፤ የባትሪው መጠን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ስፋቱን በሚሊሜትር ይናገራሉ፤ 20 ሚሊሜትር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውፍረቱን በአሥረኛ ሚሊሜትር፤ 16 ማለት 1.6 ሚሊሜትር፣ 25 ማለት 2.5፣ 32 ማለት 3.2 ነው። ከፊት ያለው ሲአር ደግሞ ባትሪው ክብ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ነው የሚያሳየው። የሁሉም ቮልቴጅ 3 ቮልት ነው። ስፋታቸውም እኩል ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀመጡ ልክክ ይላሉ። የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

2025 ከ2016 በ0.9 ሚሊሜትር ይወፍራል። በዓይን ሲታይ ምንም ነው። በቁልፍ ውስጥ ግን ብዙ ነው። ሰውየው ተጭነው፣ ገፍተው፣ መልሰው ገጠሙት። ስፌቱ አልገናኝ ሲል በፕላስተር ጠቀለሉት። መብራቷ ቦግ አለች። ሁለቱም ደስ አላቸው።

በሩ ተከፈተ፣ ሞተሩ አልነሳም

መኪናዋ ጋ ስትደርስ ሪሞቱ ከሩቅ ሠራ። ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ማንም የአዲስ አበባ ሰው የሚገምተው ነው። የፓርኪንግ ልጆቹ መጡ። «ማርሽ አስገቢና ፍሪሲዮን ያዢ» ብለው ገፉ። መንገዱ ቁልቁለት ስለነበር መኪናው ጥሩ ሄደ፤ ሞተሩ ግን ጭጭ። መጨረሻ ላይ በገመድ ተጎትቶ ሰፈር ገባ።

በማግስቱ የመጣው መካኒክ ሥራውን በወጉ ሠራ። ሞተሩ ስለሚዞር የመኪናው ባትሪ ደህና ነው አለ፤ ልክ ነው። ካንዴላውን ፈታ፤ ደረቅ ነው፣ ቤንዚን አልነካውም። ከዚህ ተነስቶ ነዳጅ ወደ ሞተሩ እየደረሰ አይደለም አለ፤ እሱም ልክ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ነው አለ። አካሄዱ ሲታይ እንከን የለውም። ክፍተቱ ነዳጅን የሚያግድ ሌላ ነገር አለ ወይ ብሎ አለመጠየቁ ላይ ነው። ባለመኪናዋም ቁልፉ መከፈቱን አልነገረችውም። ለምን ትነግረዋለች? በእሷ ቤት የቁልፉ ነገር ተፈቷል፤ ሪሞቱ እንደ አዲስ እየሠራ ነው።

ቁልፉ ውስጥ የሚኖሩት ሦስቱ

እኛ «ቁልፍ» የምንለው እንዲህ ባለ መኪና ላይ ሦስት ነገር ነው። አንድ ቤት ይኖራሉ እንጂ አይተዋወቁም።

አንደኛው የብረት ምላሱ ነው። በሩንና መሪውን የሚፈታ ተራ ቁልፍ።

ሁለተኛው ሪሞቱ ነው። ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ መጫኛዎቹ፣ ባትሪው። ሲጫኑት በሬዲዮ ሞገድ ምልክት ይልካል፤ ለአውሮፓ በተሠሩት መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ በ433.92 ሜጋኸርትዝ። ሥራው በር መክፈትና መዝጋት ነው። ባትሪ የሚፈልገው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቺፑ ነው። ኢሞቢላይዘር የሚባለው የስርቆት መከላከያ የሚያውቀው እሱን ነው። ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ ከበው የተጠመጠሙ ሽቦዎች አሉ። ቁልፉ ሲገባና ሲዞር እነሱ በአነስተኛ ሞገድ፣ በ125 ኪሎኸርትዝ አካባቢ፣ ቺፑን ያነቁታል። ቺፑም ከዚያው ሞገድ ኃይል አግኝቶ መለያውን ይመልሳል። የሥራ መግቢያ ካርድ ባትሪ ሳይኖረው በር እንደሚከፍት ማለት ነው። መለያው ከተገጣጠመ መኪናው ነዳጅ ይረጫል፣ እሳት ይሰጣል። ካልተገጣጠመ ሞተሩ እንዲሁ ይዞራል፣ ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ቢገፉትም ያው ነው፤ መግፋት ሞተሩን ያዞራል እንጂ ኢሞቢላይዘሩን አያሳምነውም።

በአንዳንድ ቁልፎች ላይ ቺፑ ከሪሞቱ ሰሌዳ ጋር ተበይዷል። በዚህኛው ላይ ግን ለብቻው ነው፤ በፕላስቲኩ ቅርፊት ውስጥ በጠባብ ኪስ ይቀመጣል። ከስንዴ ፍሬ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጥቁር ነው፣ ጫፉ ሰያፍ ነው። ሽቦ የለውም፣ እግር የለውም፣ የሚያብረቀርቅ ነገርም አይታይበትም። ለማያውቀው ሰው የተሰበረ ፕላስቲክ ነው።

እኔ ስደርስ ያየሁት

ኮፈኑን አልከፈትኩም። ገብቼ ዳሽቦርዱን አየሁ። የመኪና ምስል ያለባት ትንሽ ቀይ መብራት አለች። መኪናው ቆሞ ቁልፍ ሳይኖረው ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ትክክለኛ ቁልፍ ሲገባ መጥፋት አለባት። ቁልፉን አስገባሁ። ብልጭ ድርግሟን ቀጠለች። አዞርኩት፤ አሁንም ቀጠለች። መኪናው «ይህን ቁልፍ አላውቀውም» እያለ ነው።

ቀጥሎ ባለመኪናዋን ጠየቅኳት፤ «መኪናው አልነሳም ከማለቱ በፊት መጨረሻ የተነካው ነገር ምንድን ነው?» ያኔ ነው የሰዓት ሠሪው ነገር የወጣው።

ቁልፉን ከፈትነው። ባትሪው ከልኩ በላይ ስለሆነ የሚይዘው የመዳብ ምላስ ወደ ታች ተጣሟል። የቺፑ ኪስ ባዶ ነው። ጥግ ላይ የደረቀ የማጣበቂያ ጭላጭ ብቻ ቀርቷል።

ፍለጋው

ወደ ሰዓት ሠሪው ከመሄዳችን በፊት ስልኬ ላይ የቺፑን ፎቶ አወጣሁ። ይህ ጠቅሞናል። «ከቁልፉ የወደቀ ነገር አይተዋል?» ብንላቸው ኖሮ «የለም» ይሉ ነበር፤ በእሳቸው ግምት ምንም ነገር አልወደቀማ። ፎቶውን ሲያዩ ግን ሳቅ አሉና ከጠረጴዛቸው ሥር የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን አወጡ። የሰዓት ብሎኖች፣ የተሰበሩ የማሰሪያ ፒኖች፣ የመስታወት ስባሪ። በፒንሴት ገለጥ ገለጥ አደረጉና ጥቁሯን ነገር አነሱ። ጠረጴዛቸው ላይ ሲያገኟት የምን እንደሆነች አላወቁም፤ ግን ምንም ነገር አይጥሉም። ይህ ጠባያቸው ብዙ ብር አዳነ።

መኪናው ጋ ተመልሰን ቺፑን ወዲያው ወደ ቤቱ አላስገባነውም። መጀመሪያ በፕላስተር ከቁልፉ ጭንቅላት ጎን ለጠፍነው። ቁልፉን አስገባሁና አዞርኩ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ቺፑ ከሽቦዎቹ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ ከሆነ ይበቃል፤ የግድ ኪሱ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ፓምፑን አንድም ሰው ሳይነካው ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘጋ።

ባትሪውን እንደገና መቀየር

ይህ ክፍል በሌላ ቁልፍ ላይም ስለሚሠራ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

የምንከፍተው ትሪ ወይም ነጭ ጨርቅ ላይ ነው። አንድ ነገር ቢወድቅ ይታያል። ቢላ አያስፈልግም፤ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኖ ስፌቱ ላይ ካለው ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አስገብቶ ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ፕላስቲኩ አይቆረጥም፣ ካቻቪቴውም ተንሸራቶ ሰሌዳውን አይቧጭርም። ብሎን ካለው መጀመሪያ እሱ ይፈታል። ሳይነካካ በስልክ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ነው፤ ባትሪው በየትኛው ፊቱ እንደተቀመጠ ኋላ ክርክር ያስቀራል።

የተጣመመውን የመዳብ ምላስ በፒንሴት ቀስ አድርጌ አቃናሁት። እነዚህ ምላሶች አንድ ሁለቴ ይታጠፋሉ፣ ከዚያ ይሰበራሉ። የባትሪውን መቀመጫ በአልኮል በነከርኩት የጆሮ ጥጥ ጠራረግኩ።

አዲሱን ባትሪ በጠርዙ ነው የያዝኩት። ላብና ቅባት ያለበት ጣት ፊቱን ሲነካው መገናኛው ይዳከማል። ሁለቱን ፊቶቹን በብረት ፒንሴት ቆንጥጦ መያዝ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ይህ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ ማገናኘት ነው፤ የባትሪው ኃይል ያለ ሥራ ያልቃል። ፒንሴቱ ፕላስቲክ ከሆነ ችግር የለውም።

ቺፑን ኪሱ ውስጥ መልሼ በአንድ ጠብታ ሲሊኮን አስያዝኩት። ሱፐር ግሉ አልተጠቀምኩም። ሌላ ጊዜ ማውጣት ቢያስፈልግ ቺፑ ተሰብሮ ይወጣልና። ከመግጠሜ በፊት ሁለት ነገር ሞከርኩ፤ ሪሞቱን ከሩቅ፣ ሞተሩን በማስነሳት። ከዚያ ነው የዘጋሁት።

ባትሪ ሲወጣ ሪሞቱ ከመኪናው ጋር ያለውን ትውውቅ ይረሳል የሚል ፍርሃት አለ። በዚህ ቁልፍ ላይ አልሆነም፤ በአብዛኞቹም አይሆንም። መለያው የተጻፈው ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋ ማህደር ላይ ነው።

ያልሠራው

መጀመሪያ የገዛነው 2016 ባትሪ ሳያሽጉት በብልቃጥ ውስጥ ተደራርቦ የሚሸጥ ነበር። በቴስተር ስለካው 3.1 ቮልት አሳየ። ጥሩ ቁጥር ነው። ቁልፉ ውስጥ ሲገባ ግን መጫኛው በተነካ ቁጥር መብራቷ ትሟሽሻለች። ባትሪ ሥራ ሳይሰጠው የሚያሳየው ቮልት ብዙ አያሳምንም። የሊቲየም ባትሪ ዕድሜውን ሙሉ ወደ 3 ቮልት ተጠግቶ ይቆይና መጨረሻ ላይ ነው የሚወርደው። ያረጀ ከሆነ ደግሞ ሥራ ሲሰጠው ብቻ ነው የሚጋለጠው። በብልቃጥ ውስጥ እርስ በርስ ሲነካኩ የቆዩ ባትሪዎች ምን ያህል ኃይላቸው እንዳለቀ ማንም አያውቅም። ለየብቻ የታሸገና የማብቂያ ዓመቱ የተጻፈበት ገዛንና ተገላገልን። በነገራችን ላይ፣ የሚታየው ዓመት ማሸጊያው ላይ ያለው ነው።

ሁለተኛው ያልሠራው ነገር አዲስ ቅርፊት ነው። ስፌቱ ስለተጎዳ ከመርካቶ ባዶ ቅርፊት አስመጣን። ሲመጣ ምላሱ ያልተቀረጸ ነው፤ የሪሞቱ ቦታም ትንሽ ስለሚሰፋ መጫኛዎቹ ከሰሌዳው ጋር አይገናኙም። ቁልፍ ቀራጭ ጋ ሄዶ ምላሱን ማስቀረጽ ይቻላል፤ የመጫኛዎቹ ነገር ግን አይስተካከልም። የድሮውን ቅርፊት ጠርዝ አጣብቀን እሱኑ ተጠቀምን። አያምርም፣ ይሠራል።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው

ምላስ ባለው ቁልፍ የሚነሳ መኪና በቁልፉ ባትሪ ማለቅ ምክንያት አይቆምም። ይህን ማወቅ ግማሽ መንገድ ነው። ሪሞት ሞቶ ሞተር ከተነሳ ጉዳዩ የባትሪ ነው። ሪሞት እየሠራ ሞተር ካልነሳና ቀይዋ መብራት ካልጠፋች ከፓምፕ በፊት ቺፑ ይጠየቅ። ቺፕ ያላቸውን ሁለት ቁልፎች በአንድ ማሰሪያ አንጠልጥሎ ማስነሳትም አንዳንዴ ተመሳሳይ ነገር ያመጣል፤ አንዱ የሌላውን ንባብ ይረብሻል።

ባትሪ የሚገዛው በቁጥሩ ነው። «ከዚህ የወፈረው ብዙ ይቆያል» የሚል ምክር አለ። እውነትም 2032 ከ2016 የበለጠ ኃይል ይይዛል፤ ግን ቁልፉ የተሠራው ለእሱ አይደለም። በተቃራኒው ቀጭኑን አስገብቶ በወረቀት ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ መደገፍም አለ። ለአንድ ምሽት ያደርሳል፤ ለዘለቄታው ግን ብልጭልጩ ሲንቀሳቀስ የማይነካውን ይነካል።

ለመካኒክ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ካንዴላ ከመፍታት በፊት «ቁልፉ ተከፍቶ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ። የዚህ ጉዳይ መካኒክ አሁን እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሁለተኛ ቁልፍ ማሠራት ከሁሉም ይቀድማል። መኪናው የሚያውቀው አንድ ቁልፍ በእጅ ካለ ሌላ ማስተዋወቅ ቀላል ነው። ሁሉም ከጠፋ ግን የኢሞቢላይዘሩን መቆጣጠሪያ ማስፈታትና መልሶ ማስጻፍ ሊመጣ ይችላል፤ ወጪው ሌላ ነው። ባለመኪናዋ አሠርታለች። ሪሞት የለውም፤ ምላስና ቺፕ ብቻ። ለመጠባበቂያ ይበቃል።

ተጭነው ለሚያስነሱት መኪኖች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። አብዛኞቹ ምላስ አይገባባቸውም፤ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ ስታርት ይጫናል። እዚህ ላይ ባትሪው ሲያልቅ በሩም ማስነሻውም አብረው ዝም ይላሉ። ሰው ይደነግጣል፤ ግን ለዚህም የተሰናዳ መውጫ አለ። በቁልፉ ጎን ወይም ጀርባ ያለችውን ማንሸራተቻ ስትጫኑ ከውስጡ ትንሽ የብረት ቁልፍ ይወጣል፤ በሩ በእሱ ይከፈታል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ደግሞ ፍሬን ይዞ ምልክቱ ያለበትን የቁልፉን ፊት ስታርት መጫኛው ላይ ማስጠጋት፣ ድምፅ ሲሰማ መጫን ነው። በሌሎች መኪኖች ላይ ማስጠጊያው የጽዋ ማስቀመጫው ወይም መሪው ሥር ሊሆን ይችላል፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ያሳያል። ቦታውን ቁልፉ ደህና ሳለ አንድ ቀን መሞከር ነው።

የወጣው ባትሪ

ሰዓት ሠሪው አሮጌውን ባትሪ ለባለመኪናዋ መልሰውላት ነበር፤ ቦርሳዋ ውስጥ ልቅ ሆኖ አገኘነው። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ። ሪሞት ማሠራት ያቃተው ባትሪ እንኳን ሕፃን ቢውጠውና ጉሮሮ ላይ ቢቀር በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ማስመለስ አይሞከርም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። የሕመም ምልክት እስኪታይ መጠበቅም አይገባም። ባትሪውን ሁለቱንም ፊቱን በፕላስተር ሸፍነን፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አድርገን ከቁም ሣጥኑ በላይ አስቀመጥነው።